የአክስቴ እጅና የቀዘቀዘው ሽሮ

"በእኔ ቦታ ትሄጃለሽ?"

አክስቴ ባንቺ ይህን የጠየቀችኝ ባለፈው ሳምንት፣ ደጃፋችን ላይ ጫማዋን እያወለቀች ነው። እናቴ ናት ከጓዳ ሆና "ትሄዳለች እንጂ" ያለችው።

አክስቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ከአንድ የፈረንጅ ባልና ሚስት ጋር እስያን በመኪና ስትዞር ኖራለች። ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ አገኟትና ይዘዋት ሄዱ። ቱርክ፣ ኢራን፣ ፓኪስታን፣ ህንድ፣ ኔፓል፤ ከዚያ ደግሞ በሌላ መንገድ መመለስ። ሰዎቹ የመንገድ ዳር ምግብ ፎቶ እያነሱ መጽሐፍ ያወጣሉ። እሷ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ፎቶ ሲነሳ ሳህን ትይዛለች። አሁን ጉልበቷ አልችል ስላለ ምትክ ፈልጊ ብለዋታል። እኔ ደግሞ በቱሪዝም ተመርቄ ዓመት ከመንፈቅ ቤት የተቀመጥኩ ነኝ፣ ያውም ቱሪስት በጠፋበት ዘመን። ሰዎቹ መልሴን ለመስማት ዛሬ ከሰዓት ይደውላሉ።

"መጀመሪያ አንድ ቀን እንደ ሥራው እንዋል" አለችኝ። ክምር ድንጋይ ከተማ ያሉትን የክርስትና እናቷን ልትጠይቅ ነው፤ መንገድ ላይ እኔ ሳህን እይዛለሁ፣ እሷ ፎቶ ታነሳለች።

ንጋት 12 ሰዓት፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ

ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። መንገዱ ክፍት ነው ስለተባለ ሰው ሁሉ የሚሄደው ዛሬ ነው። ሚኒባሱ ጢም ብሏል፣ ሹፌሩ ግን አሁንም "ሁለት ሰው" እያለ ይጣራል። የት ሊያስቀምጣቸው እንደሆነ ጠየቅሁት። "አንቺ ቀጭን ነሽ" አለኝ።

ለአንድ ሰዓት ተኩል ሳንነሳ ቆምን። እኔ ስነጫነጭ አክስቴ ቦርሳዋን አቅፋ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ እንቅልፏን ትለጥጣለች።

ስትነቃ ስልኳን ሰጠችኝ። በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከፊቱ ሳህን። መስጊድ፣ ከፊቱ ሳህን። ሳህኑን የያዘው እጅ ሁሌም ያው ነው። መጀመሪያ ላይ የልጅ እጅ ነበር፤ ወደ በኋላ አውራ ጣቱ ላይ የእሳት ጠባሳ ይመጣል፤ ከዚያ ደም ሥሮቹ ይገተራሉ። ፊቷ አንዱም ላይ የለም።

"ይሄ ኢስፋሃን ነው፣ በግ በሩዝ።"

"ይጣፍጣል?"

"ቀዝቅዞ ነበር።"

"ይሄኛውስ?"

"ላሆር። እሱም ቀዝቅዞ ነበር።"

ያም ሆኖ ቀናሁ፣ አልዋሽም። እኔ ከባሕር ዳር ያለፈ አገር አላየሁም።

3 ሰዓት፣ ጋሳይ

ሹፌሩ ቁርስ ብሎ አወረደን። ሽሮ አዘዝን፣ እየተንተከተከ መጣ። አክስቴ መስኮቱ ጋ አቆመችኝ። ዝቅ አድርጊው፣ ወደ ብርሃኑ፣ ጣትሽን ሰብሰብ፣ እንፋሎቱ እስኪጠፋ ጠብቂ፣ እንደገና። አንጀቴ ይጮሃል። አጠገባችን ሽሮውን የጨረሰ አንድ ዲያቆን እጁን እየታጠበ "እህቴ፣ ቡራኬው አላለቀም?" ሲለኝ ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ግን አልሳቀችም። ምግብ ለሰው ዓይን እንዲህ አይሰጣምና ሸፍኑት አለች፣ በሰፌድ ክዳን ልትሸፍነውም መጣች። አክስቴ እንደ ምንም አግባባቻት።

ፎቶው ሲያልቅ ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ሁለቴ ጎርሼ ሮጥኩ። ሽሮው ግግር ብሎ ነበር።

5 ሰዓት ገደማ፣ መንገድ ላይ

ጉና ደመና ውስጥ ነው። ግራና ቀኙ ገብስ። ፍተሻ ላይ ወረድን፣ ተሰለፍን፣ መታወቂያ አሳየን፣ ተመልሰን ተጠቀጠቅን። ትንሽ ሄደን ሹፌሩ የድንች ጆንያ ሊጭን ቆመ። እዚያው ቅቅል ድንች የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ አክስቴ ገዛችና ነፋሱ ላይ አስያዘችኝ። ድንቹ በረዶ ሲሆን እሷ በደስታ በላችው። እኔ እግሬም ወገቤም የለም። ይህን ሃያ ዓመት እንዴት ቻልሽው አልኳት።

"መንገዱ ጥሩ ነው፣ አገር ታያለሽ" አለች።

8 ሰዓት፣ ክምር ድንጋይ

የክርስትና እናቷ እማማ የሺ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁን ነበር። አገላብጠው ሳሟት፣ አለቀሱ፣ ከስተሻል አሏት፣ እጃችንን አስታጠቡን። የገብስ እንጀራ ዘርግተው የሚፍለቀለቅ ሽሮ ከሸክላው ገለበጡበት። ፎቶ አልነበረም፤ አክስቴ እማማን ፈርታ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች።

እኔ ጎረስኩ። ምላሴን አቃጠለኝ፣ ደስም አለኝ። አክስቴ ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሽሮውን ታያለች። እንፋሎቱ ይወጣል፣ እሷ ታያለች።

"ምነው ልጄ፣ ናቅሽው?" አሉ እማማ።

"ኧረ አይደለም እማማ፣ እየጠበቅሁ ነው።"

"ማንን?"

አክስቴ ቀና ብላ ቤቱን ቃኘች። መደቡ፣ እማማ፣ እኔ። ሌላ ማንም የለም። እጇ ግን ከጭኗ አልተነሳም።

ቦርሳዋ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። እሱን ትታ እኔን አየችኝ።

"አልሄድም" አልኳት። "ብዪ አሁን፣ ሳይቀዘቅዝ።"