የጠፋው አምስት

እስቲ የክሊኒኩን መተላለፊያ ወለል ተመልከቱ። በየረድፉ አራት ሴራሚክ አለ። ነጩ ባዶ ነው፤ ጥቁሩ ግን ከቀኝ ወደ ግራ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት ተብሎ ይቆጠራል፤ የጥቁሮቹ ድምር የረድፉ ቁጥር ነው። የእህቴ ባል «እንደፈለግህ አንጥፈው» ሲሉት፣ ከበሩ ጀምሮ ከአንድ እስከ አሥራ አምስት በዚህ መልክ ደረደረው። ዕድሜ ልኩን ሲያነጥፍ ለራሱ ደስ ብሎት የሠራው ይኸን ብቻ ነው።

ምሳ በልቶ ሲመለስ ፎርማኑ የአምስተኛውን ረድፍ የቀኝ ሁለት ሴራሚኮች አቀያይሮ፣ ጥቁሮቹን መሀል ላይ ገጥሞ ጠበቀው።

«አሁን አማረ!»

«አለቃ፣ ይኼ እኮ ስድስት ሆነ። ስድስት ደግሞ ቀጥሎ አለ።»

«ጥቁሩ ሁለት ነበር፣ አሁንም ሁለት ነው። ምን ጎደለብህ?»

«አምስት ጎደለ!»

ሠራተኛው ሁሉ አውካካ። «አምስት የጠፋበት» የሚል ስም ወጣለት። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ላስተካክለው ብሎ ቢለምን፣ «መጀመሪያ ጭንቅላትህን አስተካክል» ብለው አባረሩት።

ዛሬ ጉልበቱ አብጦ እንኳ እዚያ ክሊኒክ አልረግጥም ይላል። እናንተ የክሊኒኩ ሠራተኞች ግን በየቀኑ ትረግጡታላችሁ፤ አንዳችሁም ጎንበስ ብላችሁ አላያችሁም! በሞቴ፣ እነዚያን ሁለት ሴራሚኮች ወደ ቦታቸው መልሱለት።