በሰው አፍ የምታወራ እህት

ሰውዬውን ሰፈሩ «ተኳሹ» ይለዋል። ስሙን ሰምታችሁ እንዳትደነግጡ፣ መሣሪያ በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ የሚተኩሰው ልብስ ነው። ከሲኒማ ቤቱ ጎን ጠባብ ሱቅ አለችው። ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ጠረጴዛ፣ ከባድ ካውያ፣ ክዳኑ በሚስማር የተበሳሳ የውሃ ጠርሙስ፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረው ሽቦ ላይ ደግሞ የሰው ሸሚዝ እንደ ሰልፈኛ ተደርድሯል።

ተኳሹ ፊልም ይወዳል። ይወዳል ሲባል ተዋናዩን ሁሉ በስም የሚጠራ፣ ዳይሬክተር ምናምን እያለ የሚተነትን እንዳይመስላችሁ። ያያል፣ ይፈርዳል፣ አለቀ! ፍርዱም ከሙያው ነው። ጥሩ ከሆነ «ተጣጥፎ የሚሰጥ ፊልም ነው» ይላል። ካልሆነ «እርጥቡን ያወጡት!»

አንድ ከሰዓት የታክሲ ሹፌሩ ደንበኛው ሸሚዙን ሊወስድ መጥቶ ስለ አንድ የድብድብ ፊልም ጠየቀው።

«አቦ ተወኝ!» አለ ተኳሹ። «ሰውዬው ከፎቅ ወደቀ፣ ተንከባለለ፣ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ተዘፈቀ። ሲነሳ የሱሪው መስመር ቀጥ እንዳለ ነው! እንዲህ ያለ ካውያ የት እንደሚሸጥ ንገሩኝና ልገላገል።»

«አንተ ፊልም ገብተህ ሱሪ ነው የምታየው?»

«አንተስ መኪና ሲጋጭ አይደል ዓይንህን የምትሸፍነው?»

ሹፌሩ ሳቀ። «ስለዛኛው የፍቅር ፊልምስ ምን ትላለህ? ሴቱ ሁሉ እያነባ ነው የወጣው።»

«ዝናብ ውስጥ ቆመው ተቃቀፉ፣ እሺ። ነጭ ሸሚዙ ሰውነቱ ላይ ተለጥፏል፣ እሺ። በሩን ከፍቶ ሲገባ ደረቀ! ፍቅር ያደርቃል ካላላችሁኝ በቀር...»

«በል የሙት መንፈሱን ፊልምም ስደብና ልሂድ።»

«እሱማ ውሸት ነው። በር እያንኳኳ፣ መብራት እያጠፋ... የሞተ ሰው እንደዛ አይመጣም።»

«እንዴት ነው የሚመጣው ታዲያ?»

ተኳሹ ጠርሙሱን አንስቶ ሸሚዙ ላይ ውሃ ረጨ፣ ካውያውን ጫነበት፣ ጭስስስ አደረገው። 

ነገሩ እንዲህ ነው። ተኳሹ ታናሽ እህት ነበረችው፣ ቤት ውስጥ «ጩጬ» የምትባል። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? የውጭ ፊልም ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ፣ ከጀርባ ሆና በሴቶቹ አፍ ማውራት! ግድግዳው በስፖንጅ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ትቆማለች፣ ፈረንጇ አፏን ስትከፍት እሷ ትናገራለች። አንዴ ንግሥት ናት፣ አንዴ ነገረኛ አማት፣ አንዴ ሌባ። ልምምዷን የምታደርገው ተኳሹ ሱቅ ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። አንድ ቀን ስቅስቅ ብላ ለቅሶ ስትለማመድ ጎረቤት ያለው ጫማ ሰፊ መዶሻውን ይዞ ዘሎ ገባ። «ምን አደረግካት አንተ አረመኔ!» ሦስቱም እስኪያማቸው ሳቁ።

እናትየው ግን ይሄ ሥራ አልተዋጠላትም። በተለይ ለቅሶው።

«ያለ ሞት አይለቀስም» ትል ነበር። «ለቅሶ ባለቤቱን ሳያገኝ አያርፍም። አታሟርቺብን!»

«እሺ እማ» አለቻት ጩጬ ጉንጯን ስማ። «አውርቼ እበላለሁ፣ የለቅሶውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። በአንቺ ሞት!»

ከዚያ ታመመች። ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ስልኳ እንኳ በዚያ ግርግር የት እንደገባ አልታወቀም።

በሞተች በሁለተኛው ወር ተኳሹ ራሱን ሊረሳ ሲኒማ ገባ። ኮሜዲ ነው። ጥርሰ ገጣጣ አማት ብቅ አለችና ሙሽራዋን ትሰድብ ጀመር። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ለየው። ጩጬ ነበረች። እዚያ ጥርስ ውስጥ ሆና የምትሳደበው የገዛ እህቱ ናት። ተነስቶ ወጣ፣ ደጅ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፣ ተመልሶ ገባ። ከዚያ በኋላ አዲስ ፊልም ሲገባ አያመልጠውም። ሳትሞት የቀዳቻቸው አንድ በአንድ እየወጡ ነበር። ሰው ታሪኩን ያያል፤ እሱ ጨለማው ውስጥ አንገቱን ደፍቶ አሁን ደግሞ በየትኛዋ ሴትዮ አፍ እንደምትመጣ ይጠብቃል።

ለእናቱ አልነገራትም። እንዴት ብሎ?

ግን አንድ እሁድ እናትየው የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ድንገት እጇ ቆመ።

«አንተ ልጅ» አለችው። «ፊቷን አያለሁ። አረማመዷን አያለሁ። ድምጿ ግን ጠፋብኝ።»

«እንዴት ይጠፋል እማ?»

«ጠፋ! ስትጠራኝ አፏ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ የሚሰማ ነገር የለም። አሁንስ ልጄ ሞተች።»

ተኳሹ በማግስቱ ስቱዲዮ ሄደ። የእህቱ አለቃ የነበረው ሰውዬ ወንበር ሰጠው።

«ቅጂ የለም ወንድሜ፣ ሁሉንም የፊልሙ ባለቤቶች ይወስዱታል። ዛሬ ሲኒማ ቤት የሚገባው የመጨረሻዋ ነው፣ ሐሙስ ይነሳል። እሱንም አልጨረሰችውም። መሀል ላይ ታመመች፣ ሌላ ልጅ አስገባን። አመሳስላ ነው የሠራችው፣ ማንም አይለይም።»

«እኔ እለያለሁ።»

«አንተማ ትለይ ይሆናል።»

ረቡዕ ከሰዓት ሱቁን ዘጋና እናቱን አስለበሳት። የት እንደሚሄዱና ለምን እንደሆነ ነገራት። ትቆጣኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ነጠላ ጫማዋን ፈለገች።

መብራቱ ሲጠፋ ክንዱን ያዘችው። ዓይኗ ስለደከመ ምስሉን አታየውም፤ ጨፈነች። መጋረጃው ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ወደ አንድ ቤት ገባችና «በሩን ዝጉት፣ ብርዱ ገደለኝ» አለች። ጩጬ! እናትየው ክንዱን በጥፍሯ ያዘችው። ሴትዮዋ ደረጃ እየወጣች ተጣራች።

«እማዬ! እማ!»

«ወዬ!» አለች እናትየው፣ ጮክ ብላ። «ወዬ የኔ ልጅ!»

አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ማዘር፣ እርስዎን አይደለም!» አለ። ተኳሹ ዞሮ ሊሰድበው ነበር፣ እናቱ ግን አልሰማችም። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ለሴትዮዋ በሹክሹክታ ትመልስላት ነበር።

ፊልሙ ምን ይመስል እንደነበር አትጠይቁኝ፣ ተኳሹ ራሱ አያውቀውም። የሰው ሸሚዝ አላየም፣ ሱሪ አላየም። የሚያውቀው ለቅሶው ጋ ሲደርስ ያለውን ብቻ ነው። ቀጭኗ ሴት አልጋው አጠገብ ተንበርክካ ሬሳ አቀፈች። መጀመሪያ እንደ ስቅታ ያለች አጭር ትንፋሽ ሳበች። ያቺን ትንፋሽ ካውያው አጠገብ ስንት ጊዜ ሰምቷታል! ከዚያ ለቅሶው መጣ፣ ጉሮሮን እየቧጠጠ። የታመመ ሰው ለቅሶ ነው። ጩጬ ናት። ታማም አለቀሰች፣ ለማንም አልሰጠችውም።

እናትየው ዓይኗን ገለጠች።

«ይቺ አይደለችም።»

«እማ...»

«ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም! ልጄ ለለቅሶ አፌን አልከፍትም ብላኛለች፣ በኔ ሞት ምላልኛለች። ሌላ ሰው ነው ያስገቡት። አይደለም እንዴ?»

 ናት ቢላት፣ ልጇ በገዛ አፏ ሞቷን ጠርታ ሄደች ማለት ነው፤ እስክትሞት ይሄን ስታኝክ ትኖራለች። 

«አዎ እማ። ሌላ ናት።»

«አላልኩህም?» አለችና ለቅሶው እስኪያልፍ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች።

ለቅሶው አለፈ። መጋረጃው ላይ ነጋ፣ ቀጭኗ ሴት ሰሃን እያጠበች ለጎረቤቷ ማውራት ጀመረች። ድምፁ ወፈር ያለ፣ ጥርት ያለ፣ ጤነኛ። ተኳሹ ወዲያው ለየው። የአዲሷ ልጅ ነው። እናትየው እጇን ከጆሮዋ አወረደች፣ ትንሽ አዳመጠች፣ ከዚያ ፊቷ በራ።

«ይኸው! ተመለሰች!»

ተኳሹ ጀርባው ላይ ውሃ የተረጨበት ያህል በረደው። እናቱ «ተመለሰች» ያለቻት እህቱን አይደለም፣ እሱ የማያውቃትን ልጅ ነው። ግን ከደቂቃ በፊት በገዛ አፉ ሌላ ናት ብሏል፤ አሁን ምን ይበል? እናትየው ዓይኗን ጨፍና፣ ፈገግ ብላ፣ እስከ መጨረሻው የሌላ ሰው ልጅ ድምፅ ጠጣች።

ሲወጡ ፀሐዩ ገና አልጠለቀም።

«ድምጿ ትንሽ ወፈር አላለም?» አለችው።

«ያኔ ብርድ ይዟት ነበር እማ።»

«አዬ! ሙቅ ነገር ጠጪ ስላት መቼ ትሰማኛለች?»

ሐሙስ ፊልሙ ተነሳ። ሌላ ገባ። እናትየው «በዚህኛውስ የለችም?» አለች፣ ወሰዳት። ስቱዲዮው ሥራውን ለአዲሷ ልጅ ሰጥቷታልና በዚህኛውም አለች፣ በሚቀጥለውም። አሁን እናትና ልጅ የሲኒማው ቋሚ ደንበኛ ሆነዋል። እንዲያውም እናትየውም መፍረድ ጀምራለች።

«የባለፈው ይሻላል፣ ብዙ አውርታለች» ትላለች ወይም «ይሄኛው ምንም አይረባም፣ ቶሎ ገደሏት።» አንዳንዴ መንገድ ላይ ቆም ብላ ታስባለች። «ስንቱን ቀድታ ነው የሄደችው ግን ልጄ!»

«ብዙ ነው እማ። ገና አለ።»

ተኳሹ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሲሆን ካውያውን ያቆምና እህቱን ለማስታወስ ይሞክራል። «ወንድምዬ» ስትለው እንዴት ነበር? ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይጠብቃል። የአዲሷን ልጅ መልኳን እንኳ አያውቀውም፣ እሷም እሱ መኖሩን አታውቅም። ግን ጩጬ በዚያች ልጅ ወፈር ባለ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ጆሮው ሥር «ወንድምዬ» ትለዋለች።