በእኛ መጽሐፍ ላይ የገባው ሰማያዊ ቀለም

በሚስቴ ቀንቼ አላውቅም። ነፍሷን ይማርና፣ ይህን በሕይወት ሳለች ብነግራት ኖሮ ትቀየመኝ ነበር። በሰው ሀብትም አልቀናሁም፤ ምናልባት ሀብታም ጎረቤት ስላልገጠመኝ ይሆናል። በስተርጅና ግን፣ ግማሹ ጥርሴ ከተሰናበተኝ በኋላ፣ በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ቀናሁ። ቅናቱም የዋዛ አልነበረም፤ ምላጭ እስከ ማስመዘዝ አድርሶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ አንድ ወዳጅ አለኝ። ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ አሁን ሱቁን ልጁ ይዛዋለች። ቅድመ አያቱ ከየመን የመጡ ናቸው ይላል። እኔ ደግሞ «የየመን ሰው ደሴ ብርድ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?» እያልኩ አበሽቀዋለሁ። የተዋወቅነው እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የመጋዘን ሠራተኛ ሳለሁ ነው። ጨርቅ ሊያስጭን መጥቶ፣ ከተቆለለው ጣቃ ጀርባ ተደብቄ ልብ ወለድ ሳነብ ያዘኝ። ለአለቃዬ ሊያሳብቅብኝ ነው ብዬ ላብ ሲያጠምቀኝ፣ ጠጋ ብሎ «ስትጨርሰው ታውሰኛለህ?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተለያየንም። መካ ደርሶ ከመጣ ጀምሮ ሐጂ እለዋለሁ፤ ከዚያ በፊት እሱን የምጠራበት ስም እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ደንብ አለን። በየበዓሉ አንድ ልብ ወለድ ለሁለት። በዓሉ የእሱ ሲሆን እኔ መጽሐፍ ገዝቼ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ አደርስለታለሁ፤ የእኔ ሲሆን እሱ ገዝቶ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ባለ በዓሉ ቀድሞ ያነባል። ሲያነብም የተሰማውን በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ይጽፋል። ከዚያ መጽሐፉ ለሌላው ይሄዳል፤ እሱም ታሪኩንና ወዳጁን አንድ ላይ ያነባል ማለት ነው። የሐጂ አስተያየት አጭር ናት። ደስ ሲለው «ሐቅ!» ይላል፤ ሲናደድ ገጹን በእርሳስ ይበሳዋል። እኔ ረጅም ነው የምጽፈው። አንዳንዴ ደራሲውን ጭምር እመክራለሁ። ደራሲው ሰምቶኝ አያውቅም።

ዘንድሮ ለገና ሐጂ ቀረ። በአርባ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ስልክ ደውሎ «ጉልበቴን አሞኛል፤ መጽሐፉን በሚኒባስ ሹፌር ልኬልሃለሁ» አለኝ። ለእሱ ብዬ ሙስሊም ጎረቤቴን ለምኜ ያሳረድኳት ዶሮ ለብቻዋ በሌላ ድስት ተሠርታ ቀረች። እኔ አልበላት፣ እሱ አልመጣ። በኋላ ያረዳት ጎረቤቴ ከነቤተሰቡ መጥቶ አጣጥሟት፣ «ወዳጅህ ለፋሲካም ይቅርልን» ብሎ መርቆኝ ሄደ።

መጽሐፉን ይዤ ደጃፌ ላይ ፀሐይ ልሞቅ ተቀመጥኩ። ታሪኩ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ለአንዲት ሴት አድርስ ተብሎ የተሰጠውን ደብዳቤ ሳያደርስ ሃያ ዓመት በመኪናው ይዞ ስለ መዞሩ ነው። ጥሩ ጀመረ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ክው አልኩ።

ኅዳጉ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። ክብ ክብ ያለ፣ የተስተካከለ፣ ልቅም ያለ ጽሕፈት። የሐጂ አይደለም። የሐጂ ጽሕፈት ዝናብ እንደሚያባርረው ሰው እየሮጠ ነው የሚሄደው። ገጽ ገለጥኩ፤ አሁንም ሰማያዊ። ሌላ ገለጥኩ፤ ያው። ሐጂ ራሱ ቀድሞ አንብቦት ነው እንዳልል፣ የሐጂ እርሳስ የለችም፤ አንዲት «ሐቅ!» እንኳ የለችም። እንግዲህ ፍረዱኝ፦ በገና፣ በራሴ በዓል፣ የእኔን መጽሐፍ ሌላ ሰው ቀድሞ አንብቦት፣ ያውም ጽፎበት!

ስሙን ስለማላውቅ ባለ ሰማያዊው አልኩት። አንድ ወጣት መምህር ታየኝ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ «ሐጂ፣ ሐጂ» እያለ የሚሽቆጠቆጥ። ጠላሁት።

ሹፌሩ «ደብዳቤውን ረሳሁት» የሚልበት ቦታ ላይ፣ ባለ ሰማያዊው «ወላሂ አልረሳም፤ ፈርቶ ነው» ብሏል። ወላሂ! ሐጂ መጽሐፉ አልበቃ ብሎት መሐላውንም አውሶታል ማለት ነው። እርሳሴን ሞረድኩና ከሥሩ «ማን ጠየቀህ?» ብዬ ጻፍኩ። የመኪና መንገድ በሚገለጽበት ላይ «ይህ ደራሲ ሐረጎን በጭጋግ ወርዶ አያውቅም» ብሏል። እኔም «ጅል! ልብ ወለድ ነው እንጂ መንጃ ፈቃድ አይደለም» አልኩት። ሹፌሩ ለሴትየዋ ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ሲገዛ፣ ያ ደፋር «በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቀለም ገበያ ላይ አልነበረም» ይላል። «ደግሞ የጨርቅ አዋቂ ሆነህ አረፍከው!» ብዬ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

አንድ ቦታ ብቻ አሸነፈኝ። ሹፌሩ በመጨረሻ ሴትየዋ ደጅ ይደርሳል፤ እሷም ወንበር ታቀርብለታለች። ባለ ሰማያዊው እዚያ ላይ «ምን እንዳመጣው አልጠየቀችውም። የደብዳቤውን ነገር ቀድማ ያልሰማች ብትሆን ትጠይቅ ነበር» ብሏል። ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብቤው አልፌ ነበር፤ አላየሁትም። ተመልሼ ሳነበው እውነቱን ነው፤ አልጠየቀችውም። ለረጅም ጊዜ ተቆጣሁ። በኋላ፣ ፍርድ ፍርድ ነውና፣ «እዚህ ላይ ልክ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ግን ጉንዳን የጻፈው እስኪመስል አሳንሼ ነው የጻፍኩት።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም አልነበረም። ሰልችቶት ትቶታል አልኩ፤ ይኸው የዘንድሮ ሰው! አንብቤ ጨረስኩ። መጨረሻው ግሩም ነው፤ አልነግራችሁም። የማለቂያው ቅጠል ላይ «ሐጂ፣ ይህን ገጽ ለባለ ሰማያዊው እንዳታሳይ» ብዬ ጻፍኩ። ጻፍኩና ሐጂን ደግሞ ማን ያምነዋል አልኩ። ያኔ ነው ምላጩ የመጣው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ከጥራዙ ላይ በጥንቃቄ ቆርጬ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ አኖርኩ፤ የቀረውን በዚያው ሹፌር እጅ ደሴ መለስኩት። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነኝ፤ ሠርቼዋለሁ።

ሐጂ በሦስተኛው ቀን ደወለ። «ደርሶናል። እየሳቅን ነው» አለኝ።

ደርሶናል! እየሳቅን! ማንና ማን? ጉልበቱ እንዴት እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቀው ስልኩን ዘጋሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐረጎ ላይ ጭጋጉ ወርዶ ሹፌሩ መብራት አብርቶ እየዳሰሰ ነው የወጣው። ባለ ሰማያዊው ይህን ቢያይ ምን ይላል ብዬ ማሰቤን ሳውቅ ራሴን ተራገምኩ። ደሴ ስንደርስ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ካፖርቴን ሰበሰብኩ፤ ምዕራፏ ደረቴ ላይ ትንኮሻኮሻለች።

የሐጂ በር ገርበብ ብሏል። ልገባ ስል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ታነባለች።

«‹ጅል! ልብ ወለድ ነው እንጂ መንጃ ፈቃድ አይደለም› ይላል፣ ሐጂ።»

«ድገሚልኝ እስቲ!» አለ ሐጂ በሳቅ እየታፈነ።

ደገመችለት። ድምጿ ረጋ ያለ ነው፤ የእኔ ስድብ በእሷ አፍ ሲያምር! የምገባበት ጠፍቶኝ ሳልኩ።

«ግባ፣ ግባ፣ ሳልህን አውቀዋለሁ» አለ ሐጂ።

ፍራሹ ላይ ራሱን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጎ ተቀምጧል። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ጉንጩ እርጥብ ነው። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። አጠገቡ ፀጉሯን በነጠላ የሸፈነች፣ ስድሳ ያለፋት የምትመስል ሴት መጽሐፋችንን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ የጠብታ ጠርሙስ አለ። ከጠርሙሱ አጠገብ ሰማያዊ እስክሪብቶ።

ሴትየዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጅ ነሣችኝ። «እንደምን አደሩ፣ ጋሼ። ጅሏ እኔ ነኝ።»

በጣቴ ወደ ሐጂ ጠቆምኩ። «እኔ እኮ… ለእሱ ነበር የጻፍኩት» አልኩ።

«እሱማ አያነብም» አለች። አለችና ያመለጣት ነገር እንዳለ ገብቷት ወደ ሐጂ ዞረች።

«ተይው ሲስተር፣ ይወቀው» አለ ሐጂ። «ዓይኔ ላይ ግፊት አለ አሉኝ። ከክረምት ጀምሮ ፊደሉ ሁሉ ጭጋግ ሆኖብኛል። ሲስተር ጎረቤቴ ናት፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነርስ ነበረች፣ ጡረታ ወጥታ ነው። ጠብታውን ታደርግልኛለች። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ መቆየት አለብኝ፤ ያኔ ታነብልኛለች።»

«ጉልበቴን ያልከኝስ?»

«ጉልበቴማ ደኅና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ለማያይ ሰው መጽሐፍ ማን ይገዛል? ካወቅህ ትተወኛለህ ብዬ ነው።» ቀጥሎ ደግሞ እንደ ልማዱ፣ «መነጽር ያደረግኩ ጊዜ ዓመት ሙሉ ስቀህብኛል፣ አንተ ክፉ!» አለኝ። እውነቱን ነው። ዓመት ከመንፈቅ ነው የሳቅኩት።

እኔ ተተካሁ ብዬ ስቃጠል፣ እሱ እንዳልተወው ፈርቶ ኖሯል። ቅናቴ ግን አለቀቀኝም፤ እንዲያውም አሁን መቀመጫ አግኝቶ ተደላደለ። ሴትየዋ መጽሐፉን እንዴት እንደያዘችው አያለሁ፤ የእኔ እኮ ነው እላለሁ በሆዴ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ጽሕፈት?» አልኩት።

«አፉ የእኔ፣ እጁ የእሷ። አርባ ዓመት ጨርቅ የሸጥኩትን ሰው ‹የጨርቅ አዋቂ ሆነህ አረፍከው› ትለኛለህ? ደግሞ ‹ማን ጠየቀህ›! ወላሂ እንዲህ ስቄ አላውቅም።»

አርባ ዓመት «ጥሩ ብለሃል፣ ሐጂ» እያልኩ ስመልስለት የኖርኩት ሰውዬ ነው፤ ቀለሙ ሲለወጥ ጅል ያልኩት።

«ሁሉም ያንተ ነው?»

«ከአንዷ በቀር።»

«ሐጂ፣ እሱን ይተዉት» አለች ሲስተር።

«አልተውም! ያቺ ‹አልጠየቀችውም› የምትለው የሲስተር ናት። እኔም አላየኋትም ነበር። አንተ ምን ብለህባታል? አንብቢለት፣ ሲስተር።»

ሲስተር መጽሐፉን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ ጽሕፈቴ ትንሽ ነውና። «‹እዚህ ላይ ልክ ነው› ይላሉ።»

ምድር አልተከፈተችልኝም። ተቀመጥኩ።

«በዓሉ ግን የእኔ ነበር» አልኩ እንደ ልጅ። «እንዴት ቀድመህ አነበብክ?»

«ዓይኔን ጨፍኜ ተቀምጬ፣ መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ፣ የምታነብ ሴት አጠገቤ ሆና፤ አንተ ብትሆን ትታገሥ ነበር?»

«አልታገሥም።»

«ቢሆንም መጨረሻውን አልነካነውም። ባለ በዓሉ ይቅደም ብለን ምዕራፉን ለአንተ ተውነው። አንተ ደግሞ የበላኸው መሰለኝ፤ ስትልከው ከስቶ መጣ።»

እጄን ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ምዕራፏን አወጣኋት። ሲስተር እጇን ስትዘረጋ «እኔ ነኝ የማነበው» አልኩ።

አነበብኩ። ጥርሴ የሌለበት ቦታ ላይ «ሰ» ሁሉ ያፏጫል። ሐጂ «ዝናብ ነው እንዴ የሚያባርርህ?» ይለኛል። መስመር ስዘል ሲስተር ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ከእርማት የባሰ ነው። እንደ ምንም ታግዬ ቅጠሉ አንድ ሲቀር አቆምኩ፤ አጥፌም ኪሴ ከተትኩት።

«ይቺን ጥምቀት ለት ኮምቦልቻ መጥተህ ትሰማታለህ» አልኩት። ሐጂ ፊቱን ወደ ሲስተር አዞረ። ገባኝ። ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው አፌ እያመመኝ «መጥታችሁ» አልኩ።

መጡ። ሐጂ ከሚኒባሱ ሲወርድ አንድ እጁን ለእሷ፣ አንድ እጁን ለእኔ ሰጠ። የትኛውን ቀድሞ እንደዘረጋ አይቻለሁ፤ አልናገርም። ዶሮ በሁለት ድስት ተሠርታ ነበር፤ ያ ጎረቤቴ በአጥር በኩል በኀዘን ያየናል። ከምሳ በኋላ ቅጠሏን አወጣሁ። ላነብ ጉሮሮዬን ስጠርግ ሐጂ ጆሮውን አዘነበለ፤ ግን ወደ እኔ አልነበረም። ቅጠሏን ለሲስተር ሰጠኋት።

አነበበችው። እኔ ራሴ አንብቤው የማላውቀው ነገር መሰለኝ። ስትጨርስ ሐጂ «ሐቅ!» አለ፤ ከገና ጀምሮ የናፈቀችኝ ቃል። ሲስተር ግን ወረቀቱን አላስቀመጠችም።

«ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈም አለ። ላንብበው?»

ረስቼው ነበር! «ተይው» ስል ሐጂ «አንብቢው!» አለ።

እሷም መድኃኒት አወሳሰድ በምታስረዳበት ድምፅ፣ ምንም ሳትጨምር ምንም ሳትቀንስ፣ «‹ሐጂ፣ ይህን ገጽ ለባለ ሰማያዊው እንዳታሳይ› ይላል» አለች። ሐጂ እስኪያስለው ሳቀ። እሷ ከቦርሳዋ እስክሪብቶዋን አውጥታ ከጽሕፈቴ ሥር አንድ ነገር ጫረች፤ ቅጠሏን አጥፋ መለሰችልኝ። ምን እንደጻፈች ሐጂ ቢለምናት አልነገረችውም።

ሚኒባሱ ይዟቸው እስኪዞር ድረስ እጄን ሳውለበልብ ቆየሁና እዚያው መንገድ ዳር ቅጠሏን ዘረጋሁ። በዚያ ልቅም ባለ ጽሕፈቷ እንዲህ ይላል፦

«አላየሁም።»

ይህችው ናት። አርባ ዓመት በእርሳስ የጻፍኩትን ሁሉ፣ ደራሲዎቹን የመከርኩበትን ጨምሮ፣ በሐሳቤ አገላበጥኩት፤ እንዲህ ያለች አንዲት ቃል አላገኘሁበትም። ኧረ እንዴት ቀናሁ! የመጪውን ዒድ መጽሐፍ የመግዛት ተራው የእኔ ነው። ኅዳጉ ሰፊ የሆነ እየፈለግኩ ነው።