የስፖንዳዋ ስርጉድ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ባለው ግቢያችን፣ አቮካዶው ሥር በቆመች አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ዙሪያ ነበር። አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሐይቁ ዓሣ፣ ከቡሹሎ መንደር አትክልት ሲጭኑባት ኖረው፣ ዓይናቸው ሲጠፋ እዚያው አቆሟት።

ያኔ፣ አመሻሽ ላይ፣ ከቅርንጫፉ የተንጠለጠለችው አምፖል ስትበራና እናቴ የከሰሉን ጭስ በእጇ እያባረረች በቆሎ እሸት ስትጠብስ፣ አያቴ ምርኩዛቸውን ለወንድሜ ይሰጡና መዳፋቸውን ላሜራው ላይ አሳርፈው ከፊት ወደ ኋላ እየዳሰሱ ይሄዳሉ፤ እጃቸው አንዱ ስርጉድ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ተረቱም ከዚያ ይጀምራል። የበሩ ስርጉድ መንገድ የዘጋ ጉማሬ ነው። የጎኗ ደግሞ ሙሽራ ጭነው ሲበሩ የገጩት አጥር። ግማሹ ውሸት ነበር መሰለኝ፤ ማን ግድ አለው።

የመጨረሻው ስርጉድ ከኋላ፣ የጭነቱ መዝጊያ ስፖንዳ ላይ ነበር፤ እሱ ውሸት አልነበረበትም። አባቴ ጎረምሳ ሳለ መኪናዋን ሰርቆ፣ አንዲት ልጅ ሊያስደምምባት ሐይቁ ዳር ይወስዳትና ወደ ኋላ ሲል መኪናዋን ከሾላ ዛፍ ጋር ያላትማታል፤ ከዚያ ልጅቷንም መኪናዋንም ጥሎ ይሮጣል። «ሳገኘው ሱሪው እርጥብ ነበር» ይላሉ አያቴ ረጋ ብለው፤ «ሐይቁ ውስጥ ግን አልገባም።» እናቴ ከሁላችን በላይ ትስቅ ነበር። ልጅቷ እሷ አልነበረችም።

አያቴ ይህን ተረት እንግዳ ፊት መናገር ይወዱ ነበር፤ ክፋት ነበረባቸው፣ አልዋሽም። አባቴ የመዘምራን መሪ ሆኖ በተመረጠ ሰሞን የጸሎት ቡድኑ እኛ ቤት ተሰበሰበ፣ እሳቸውም ነገሩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሳቀ፣ በጥርሱ ብቻ። በማግስቱ መኪናዋን ላድሳት ነው አለ።

የጀመረው ከስፖንዳው ነው። ቀጥቅጦ ለማቅናት እንኳ ትዕግሥት አልነበረውም፤ በስቱኮ ደፍኖ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ከዚያ በሩን፣ ከዚያ ጎኗን። አያቴ በረንዳው ላይ ሆነው የመዶሻውን ድምፅ እየሰሙ «ቀስ በል፣ አሮጊት ናት» ይሉት ነበር፤ ደስ ብሏቸው ነበር። በመጨረሻ ለቀለምና ለሞተር ጋራዥ አስገባት። ስትመለስ ሰማያዊነቷ ቀርቶ ጥቁር ሆናለች፣ ጎማዋ ሰፍቶ ከፍ ብላለች፣ ወንበሯ ቆዳ ለብሷል፣ ድምጿም የሌላ ነው። ታምር ነበረች፤ የሰፈሩ ሰው እየመጣ ያያት ነበር።

አባቴ አያቴን እጃቸውን ይዞ አመጣቸው።

«አባዬ፣ የድሮዋ አልሆን አለችኝ። ሸጥኳት። ይቺ ሌላ ናት።»

አያቴ መዳፋቸውን አሳርፈው መሄድ ጀመሩ። በሩን አለፉ፣ ጎኗን አለፉ፣ ምንም የለም። ስፖንዳው ላይ ሲደርሱ ቆሙና ቦታውን ደጋግመው ዳሰሱት። እናቴ የእኔንና የወንድሜን ትከሻ ጨብጣ ያዘች።

«ማን ገዛት?» አሉ።

«የቡሹሎ ሰው።»

«ደህና አድርጎ ይይዛታል?»

«ይይዛታል።»

አዲሷን መኪና መረቋት። ከዚያ ወዲያ ተረት አልነገሩንም። ስንጨቀጭቃቸው «እሷ በሌለችበት ከየት አመጣለሁ?» ይሉናል። ክረምቱ ሳይወጣ ታመሙ። ሐኪም ቤት የወሰድናቸው በእሷው ነው፤ ቆዳው ወንበር ላይ ተደግፈው፣ «የድሮዋ ብትሆን ይሄን መንገድ ታውቀው ነበር» አሉ። አባቴ እየነዳ ሰማ። አያቴም በዚያው አልተመለሱም።

ፒክአፗ ዛሬም አለች። ባለፈው ክረምት የስፖንዳው ስቱኮ ተሰነጣጥቆ ረገፈ፣ ስርጉዱም እንደነበረ ብቅ አለ። ልጄ ጣቷን ከትታ «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። አባቴ በረንዳው ላይ፣ አያቴ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ተቀምጧል። እሱም ዓይኑ ደክሟል፤ ጆሮው ግን ደህና ነው።

ያሳዝነኛል ብዬ ነበር፣ አላሳዘነኝም። ልጄን ከአጠገቤ አቆምኩና በረንዳው ድረስ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከጎረምሳው ጀመርኩላት። ሱሪው ጋ ስደርስ በሳቅ ፈነዳች። አባቴ ምርኩዙን በዳበሳ ፈልጎ ተነሳና ወደ ቤት ገባ። ከእነዚያ ምሽቶች ጉማሬውም ሙሽራዋም ጠፍተውብኛል፤ ይህን አንዱን ግን ከነቃሉ አውቀዋለሁ፣ እንግዳ ሲመጣም እነግረዋለሁ።