በግማሽ ሌንስ የተሳመ ጉልበት

በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ኖርዝላንድ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ሰርግ ሲኖር የምቀርጸው እኔ ነኝ። ስለ ሙያዬ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቢጠይቁኝ ስለ አንድ ሰው እነግራቸው ነበር። ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን ካሜራማን ነበር። የሌንሱን ግማሽ በጥቁር ካርቶን ሸፍኖ ይቀርጻል፤ ከዚያ ፊልሙን በእጁ ወደ ኋላ አጠንጥኖ፣ ካርቶኑን ወደ ሌላው ጎን አዛውሮ ሌላኛውን ግማሽ ይቀርጻል። አንዱ ተዋናይ ከራሱ ጋር ሲጨባበጥ ይታያል። ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ለተዋናዩ ነው። ብልሃቱን የፈለሰፈው ሰው በስተርጅናው ሥራ የሚሰጠው አጥቶ ሞተ። ስለ እሱ ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

አምና አንዲት ሙሽራ እያለቀሰች መጣች። አዲስ አበባ ያሉት እናቷ ቪዛ ተከልክለዋል።

"ጋሼ፣ የማሚን ጉልበት ሳልስም እንዴት ብዬ ነው የምወጣው?"

አንጀቴን በላችው። የዚያን ሰው ዘዴ ልሞክረው አልኩ። እዚሁ ፎረስት ፓርክ ሰፈር አክስቷ ቤት ባዶ ወንበር ላይ ትራስ አስቀምጬ፣ ጎንበስ ብላ ትራሱን ስትስም ቀረጽኳት። አዲስ አበባ ደግሞ አጎቷ በስልኩ እየቀረጸ፣ እኔ ከዚህ በቪዲዮ ኮል እየመራሁ፣ እናትየዋን በዚያው አቅጣጫና ብርሃን አስቀመጥናቸው። እሳቸውም ባዶውን ምንጣፍ ቁልቁል እያዩ መረቁ። ሁለቱን ግማሾች አንድ ለማድረግ ዓይኔ እስኪጠፋ ሠራሁ።

መልሱ ላይ ቪዲዮው ሲታይ አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። የሙሽራው አጎት ተነሥተው፣ "ይሄ ኤአይ የሚባለው ጉድ እኮ ነው!" አሉ።

ሙሽራዋ ማይኩን ይዛ፣ "አዎ፣ በኤአይ ነው ኤዲት የተደረገው። ጌታ ይባረክ!" አለች።

ሁሉም አሜን አለ። እኔ ካሜራዬን ተሸክሜ አጠገቧ ቆሜያለሁ። አሜን ከማለት በቀር ግን ምን እላለሁ?

ከወራት በኋላ እናትየዋ ደወሉልኝ።

"ወንድሜ፣ ያንን ቪዲዮ የሠሩት እርስዎ ነዎት አይደል? የማሽን ሥራ ነው ሲሉኝ አላመንኩም። ያን ሁሉ ሰዓት ያስቀመጡኝ እርስዎ ነዎት።"

በደስታ፣ "አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምነው ባይሠሩት ኖሮ" አሉ እናትየዋ። "ለቪዛው እንደገና ልሞክር፣ የጥሪ ደብዳቤ ላኪልኝ ብላት ልጄን፣ 'ማሚ፣ ሰርጌ ላይ እኮ ነበርሽ፤ አሁን ምን ያለፋሻል?' አለችኝ።"

እስከ ዛሬ ሥራው የእኔ መሆኑን የመሰከሩልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።