ዝንጀሮ ጠባቂው

አያ ጓንጉል ዝንጀሮ ገድለው ከሥራ ተሰናበቱ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ በለቅሶው ላይ ሳይቀር ተወርቷል። ልክ አይደለም። አንድም አልገደሉም። የተሰናበቱበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ከተቀበሩ በኋላም ቢሆን በትክክል ቢነገር ይሻላል።

ከሰቆጣ ወደ ጋዝጊብላ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ ተራራ ግርጌ ገብስ እያረሱ የኖሩ ገበሬ ነበሩ። በቤታቸው የሚነገረው ኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛውን በገበያና በስብሰባ ነው የለመዱት። ተራራው ከከብትና ከመጥረቢያ ከተከለለ ወዲህ ወይራውና ጥዱ አንሰራራ፤ ዝንጀሮውም ተመለሰ። ተመልሶም ቁልቁል ወደ ገብሱ ወረደ።

በዚያ ሰሞን ምስጋናው የሚባል ባለሙያ መጥቶ ስለ አገሪቱ ፖሊሲ ስብሰባ ጠራ። «መንግሥት ለዱር እንስሳት ጥበቃ ትልቅ ትኩረት ሰጥቷል፤ ከእናንተ መካከል አንድ ጠባቂ ይመረጣል» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። በዚያ አገር ዝንጀሮ መጠበቅ ማለት ማማ ላይ ወጥቶ ዝንጀሮን ከማሳ ማባረር ነው። ስለዚህ በወንጭፍ አቻ የሌላቸውን፣ ጩኸታቸው ከገደል ገደል የሚሰማውን ሰው ያለ ክርክር መረጡ። አያ ጓንጉልም ደስ ብሏቸው ተቀበሉ።

ስህተቱ የታወቀው ምስጋናው ሥራውን ሊያይ ተመልሶ በመጣ ጊዜ ነው።

«አያ ጓንጉል፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እየጠበቅሁ!»

«በወንጭፍ?»

«ታዲያ በጸሎት ላባርር?»

«ኧረ የሚጠብቁት እኮ ዝንጀሮውን ነው! ከሰው!»

ሽማግሌው ወንጭፉን አወረዱ። «ታዲያ ገብሱን ከዝንጀሮ ማን ይጠብቀው?» ብለው ጠየቁ። ምስጋናው ፖሊሲው የገበሬውንም ጉዳት እንደሚያነሳ፣ ማስፈጸሚያ በጀት ግን ገና እንዳልተያዘለት ነገራቸው። ሲናገር ቀና ብሎ አላያቸውም።

ሥራውን አልተዉም። ጠዋት ገብስ ውስጥ የገባውን መንጋ ያባርራሉ፤ ቀን ያንኑ መንጋ ከወጥመድ፣ ዛፉን ከመጥረቢያ ይጠብቃሉ። ባለቤታቸው ሰገነት፣ «ዝንጀሮዎቹ ራሳቸው ግራ ገብቷቸዋል፤ ወዳጅ ነው ጠላት እያሉ ሲሟገቱ ነው የሚያድሩ» እያለች ትቀልድባቸው ነበር። ጉልበታቸው ግን እያለቀ ነበር።

ካቻምና ገብሱ ሲያሸት ቦሰና መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ማሳዋ ከጫካው ጋር የሚዋሰን ሴት ናት።

«አያ ጓንጉል፣ ባለፈው ዓመት ለዘር እንኳ አልተረፈኝም። ዘንድሮ ከገቡብኝ መርዝ ለውሼ ነው የማስቀምጥላቸው።»

«ተይ ልጄ! እነሱን የበላ ነብርም ይሞታል፤ ውሻሽም ይሞታል።»

«እኔስ? እኔ ከየትኛው ነኝ፣ ከዱሩ ነኝ ከቤቱ? ሁሉም ጠባቂ አለው፤ ለእኔ ማን አለኝ?»

አያ ጓንጉል ወደ ማሳዋ ዞረው አዩ።

«እስኪታጨድ ከማሳዬ ዳር ካልተቀመጡልኝ እለውሳለሁ» አለች።

«እቀመጣለሁ» አሏት።

በዚያው ሳምንት ከተራራው ጀርባ ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች ገቡ። አያ ጓንጉል ወደዚያ እንዲሄዱ ታዘዙ። ሁለተኛ ሰው እንዲጨመርላቸው ለመኑ፤ አልተገኘም። ቢሄዱ ቦሰና መርዙን ታስቀምጣለች፤ ባይሄዱ ወይራው ያልቃል። ከቦሰና ማሳ ዳር ቀሩ። የመጥረቢያውን ድምፅ ነፋስ ያመጣላቸው ነበር። ስንቅ ታደርስላቸው የነበረችው ሰገነት እንደነገረችን፣ ድምፁ ሲመጣ ነጠላቸውን በጆሯቸው ላይ ይጠመጥሙ ነበር።

ገብሱ ታጨደ፤ ተወቃ። መርዝ አልተለወሰም። ከጀርባ በኩል ግን ጫካው ተመነጠረ፤ እሳቸውም ግዴታቸውን ባለመወጣት ተሰናበቱ። ውሳኔው በደንቡ መሠረት ስህተት አልነበረበትም። ይግባኝ በሉ ተብለው ነበር፤ «ደክሞኛል» አሉ። «ሁለቱንም እጠብቃለሁ ብዬ ነበር። አንድ ሰው ነኝ።»

ዘንድሮ በሚያዝያ አረፉ። በዚያ በኩል ስናልፍ ጩኸታቸውን የምንጠብቅ ዛሬም አለን። በቦታቸው እስካሁን የተተካ ሰው የለም። ቦሰና በሰኔ ያንኑ ማሳ ገብስ ዘርታለች፤ ማን እንደሚጠብቅላት ስትጠየቅ ወሬ ትለውጣለች።