በነጋዴው ወንበር ላይ የተቀመጡት አባት

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ፣ ወንዙ አጠገብ ባለ አንድ አሮጌ ቤት እሠራለሁ። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። ያሠራው ሰውዬ በወጣትነቱ ከስኮትላንድ በመርከብ መጥቶ በትምባሆ ንግድ የከበረ፣ ኋላም የከተማው ምክር ቤት ውስጥ የገባ ሰው ነበር። እሱ ሲመጣ ቪዛ የጠየቀው የለም። የኔ ሥራ ፎቅ ላይ፣ የጽሕፈት ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ዕቃው እንዳይነካ መጠበቅ ነው።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት የሀገሬ ሴት "ያስቀጠርኳት እኔ ነኝ" እያለች ታወራለች። ውሸት ነው። እሷ ያለችኝ "በዚህ እንግሊዝኛሽ ማን ይቀጥርሻል?" ነው። ማመልከቻውን ያስሞላችኝ አሜሪካዊቷ ኃላፊያችን ናት። የሰውዬውን የሕይወት ታሪክ የያዘ መጽሐፍም ሰጥታኝ፣ ክረምቱን ሙሉ በምሳ ሰዓት ያልገባኝን ስታስረዳኝ ከረመች። ስለዚህ ሰውዬውን ከብዙ ዘመዶቼ ይልቅ አውቀዋለሁ። የባለርስት ልጅ አገባ፤ የራሱን ወደብ ሠራ፤ ሲያረጅ እግሩን ታሞ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ሆኖ መርከቦቹን ይጠብቅ ነበር። ወንበሩ አሁን በገመድ ታጥሯል።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ቆብ ያደረጉ የወሎ አባት እዚሁ አቅራቢያ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ደረጃውን ወጥተው ሲጨርሱ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል።

"እንደምን ዋልሽ ልጄ" አሉኝ፣ ስልሳ ያለፈኝን ሴትዮ።

ክፍሉ ውስጥ ሌላ መቀመጫ የለም። እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ገመዱን ፈታ።

"ይቀመጡ አባቴ።"

"አንቲ፣ አር ዩ ሹር?" አለች የልጅ ልጃቸው፤ እርግጠኛ ነሽ ወይ ማለቷ ነው።

እሳቸው ግን "የማን ቤት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። የሰውዬውን ታሪክ ከመርከቡ ጀምሬ ነገርኳቸው።

"ትምባሆውን ማን ያርስለት ነበር?"

"ባሪያዎች ነበሩት።"

"እንዲያ በይኛ! ብቻውን የሠራው መስሎኝ ላደንቀው ነበር።" ወንበሩን መታ መታ አደረጉት። "ይኼንንም የጠረበው እሱ አይሆንም። እንግዲያ ልቀመጥበት።" ተቀመጡ።

ያቺ አብራኝ የምትሠራው የሀገሬ ሴት ይህን ከደረጃው ላይ አየች። "ጉድሽ ፈላ!" አለችኝና ወርዳ ለኃላፊያችን ሪፖርት አደረገችኝ። የታመመው ጉልበቴ ኦፕሬሽን ሊደረግ አንድ ወር ቀርቶታል፤ ሥራው ከሄደ ወጪውን የሚከፍልልኝ ኢንሹራንስም ይሄዳል። ይህን እሷም ታውቅ ነበር።

ኃላፊያችን ስትመጣ ሽማግሌው ሊነሱ ሞከሩ። ቀስ ይበሉ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠቻቸው፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቃ ራሷ ደግፋ አነሣቻቸው። እኔን ቢሮ ጠራችኝ።

"ሕጉን ታውቂዋለሽ። ለምን?"

"አባት ቆመው እየተንቀጠቀጡ እኔ ባዶ ወንበር ልጠብቅ አልቻልኩም" አልኳት። በእንግሊዝኛዬ ይህን ያህል አላማረም፤ ግን ገባት።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፋ አስፈረመችኝ። "ወንበሩ ተሰብሮ ቢሆን ላድንሽ አልችልም ነበር" አለችኝ። "ሰኞ በሰዓትሽ ነይ።"

ሰኞ ስገባ ከገመዱ ወዲህ፣ በሩ አጠገብ፣ ሌላ ወንበር ተቀምጧል። የቢሮዋ ወንበር ነው። ያንን ጠባብ ደረጃ ራሷ ተሸክማ እንዳወጣችው የነገረኝ የጥበቃው ሠራተኛ ነው፤ እሷ ነገሩን እስከ ዛሬ አላነሣችውም። እኔም አላነሣሁላትም፤ ምስጋና በአፌ አይመቸኝም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ያቺ የሀገሬ ሴት አሁን ለጎብኚዎች "ወንበሩን ያስመጣሁት እኔ ነኝ" ትላለች አሉ። ትበል። ጉልበቴ በቀጠሮው ተሠራልኝ፤ ደረጃውን መደገፊያ ሳልይዝ እወጣለሁ።